የምርቃት ውሃ የሻረው ዋስትና

ለክቡር ሲያ ዊሩት
የ«ሦስት ዝሆን» ያገለገሉ መኪኖች ድንኳን ባለቤት
ከገበያው ፊት ለፊት

ጉዳዩ፦ ቁልቁለት ላይ ስለሚሞት ሞተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን ጥልቅ ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ መኪናዋን ከእርስዎ ከገዛሁ ወዲህ፣ በሕይወት መኖር ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ በእያንዳንዱ ኩርባ ላይ እንደገና የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። ለክብርት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በድንኳንዎ ጥላ ሥር ተሰልፈው ገዢ ለሚጠብቁት መኪኖች ሁሉ ደረቅ ዘመን ይሁንላቸው።

ካላስታወሱኝ ላስታውስዎ። ታዊ እባላለሁ፤ ከተራራው ጫፍ፣ ከፓ ሞክ መንደር፣ ጠዋት ጠዋት በድምፅ ማጉያው የጎመን ዋጋና የሞት ማስታወቂያ የማነበው ሰው ነኝ። የቆላው ጎርፍ ከጎደለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለቤቴ ቡዋላይ እርጉዝ መሆኗን አወቅን፤ ገና ለማንም ሳንናገር የነጭ ሽንኩርት ማሳችንን ሸጠን፣ ለወሊዱ የሚሆን መኪና ፍለጋ ወደ ድንኳንዎ ወረድን። እርስዎም ቀዝቃዛ ውሃ በገዛ እጅዎ አቅርበውልን፣ የመኪናዋን ጣራ እንደ ፈረስ አንገት እየደባበሱ፣ «ታናሽ ወንድሜ፣ ይህቺን የነዳቻት አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ እሷም ብትሆን ከቤቷ እስከ ቤተ መቅደስ፣ ከቤተ መቅደስ እስከ ቤቷ» አሉን። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ ቤተ መቅደስ ወንዝ መካከል የተሠራ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ፤ ቁም ነገሩም ፈርቻለሁ የሚል ነው። ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሷል። ልጁ ግን እንደ ጨዋ ልጅ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ መጠባበቅ ሲገባው፣ ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ እንደተዘረጋ ሹም አግድም ተኝቷል። የከተማዋ ሐኪም ሆዷን ዳብሳ ዳብሳ ስታበቃ ፊቷ ተለወጠና፣ «ይሄ ልጅ ካልዞረ ያለ ቀዶ ጥገና አይወለድም። ምጥ ጀመር ሲያደርጋት ልብስ እንኳ ሳትቀይሩ ውረዱ። ከዘገያችሁ የማጣው አንዱን ብቻ ላይሆን ይችላል» አለችን። መንገዱን እርስዎም ያውቁታል፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው በኩል ደመና ነው። የጎረቤታችን የአጎት ሙን የጎመን መኪና ንጋት ላይ ወርዳ ምሽት ላይ ነው የምትመለሰው። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ ደግሞ መልካም ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን በዝናብ ወቅት ከታች ተነስተው እኛ ዘንድ እስኪደርሱ ሕፃኑ ተወልዶ፣ አድጎ፣ በር ላይ ቆሞ ሊቀበላቸው ይችላል። የቀረን የእርስዎ መኪና ናት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ቅሬታዎች ሲያነቡ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ የተቀመጠች ሴት እንዳለች አድርገው እንዲያነቡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

አንደኛ። ሞተሯ ይሞታል። ዳገት ስንወጣ አይሞትም፤ ለዚህ ጨዋነቱ ምስጋናዬ ይድረሰው። ሜዳ ላይም አይሞትም። የሚሞተው ቁልቁለት ላይ፣ ያውም ዝናብ ሲዘንብ ነው። መጀመሪያ የደረሰብን በመንፈሶቹ ጎጆ ኩርባ ላይ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ክላክስ እያሰማ የቦታውን ባለቤቶች ፈቃድ የሚጠይቅበት ማለቴ ነው። እጄን ወደ ክላክሱ ስዘረጋ መኪናዋ ቀደመችኝ። በራሷ ሥልጣን ረጅም ጩኸት ጮኸች፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ እንደ ፋኖስ በዓል ቦግ አሉ፣ ከዚያ ጸጥ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጸጥታ ሰምተውት ያውቁ ይሆን? ሞተሩ የሞተ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ የሚሰማው የጎማው ሹክሹክታና የገዛ ልብ ድምፅ ብቻ ነው። መሪው ድንጋይ ሆነ። ፍሬኑን አንዴ ረገጥኩት፣ ታዘዘ፤ ደገምኩት፣ እያጉረመረመ ታዘዘ፤ ሠለስኩት፣ እንጨት ሆነ። ያቆመን የእጅ ፍሬኑና መንገድ ዳር ተከምሮ የተረሳ ጠጠር ነው። ጠጠሩን እዚያ ዘርግፎ፣ መንገዱን ሳይጠግን፣ ድራሹ ለጠፋው ሥራ ተቋራጭ በዚህ አጋጣሚ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ ሥራውን በጊዜው ቢጨርስ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ጸሐፊ አይኖረውም ነበር።

ቡዋላይ የበሩን እጀታ እንደጨበጠች፣ ወደ ገደሉ ሳታይ፣ «ታዊዬ፣ ተሳደብ» አለችኝ።

«ማንን?»

«ማንንም። ዝም ስትል ነው የምፈራው።»

ታዘዝኳት። የማንን ስም እንደጠራሁ ለዚህ ደብዳቤ ክብር ስል እተወዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መኪናዋ ደጋግማ ሞታለች። አሁን አሁን ጎማ ሥር የሚወሸቅ ድንጋይ ሳንይዝ አንወጣም፤ ለማቀበል እንዲመች አንዱን ባለቤቴ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሌላው ሰው ነፍሰ ጡር ሚስቱን መንደሪን ያስይዛል፤ እኔ ድንጋይ አስይዛለሁ።

ሁለተኛ። የጎን መስታወቶቹ ዝናብ ሲጀምር በራሳቸው ይወርዳሉ። ይህን እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ናፍቆት ወስጄዋለሁ፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ያገኙታል።

ሦስተኛ። ባለቤቴ ሆዷ እየገፋ ሲመጣ የደህንነት ቀበቶው አልበቃት አለ። ስስብ፣ ስስብ፣ በማንም ቀጭን ሰው ደረት ላይ አልፎ የማያውቀው የቀበቶው ጫፍ ከተደበቀበት ወጣ፤ ከእርሱም ጋር አንድ እፍኝ የደረቀ ጭቃ እቅፏ ውስጥ ተዘረገፈ። ቀበቶው ላይ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ ጥቁር፣ ከመስመሩ ወዲያ የሩዝ ማሳ ጭቃ ቀለም። ቡዋላይ ጭቃውን በጣቷ ፈርፍራ አሸተተችና፣ «ይሄ የኛ አፈር አይደለም» አለች። የእኛ ቀይ ነው። ያን ጊዜ የስኮርታ ጎማውን ጉድጓድ ከፈትን። እዚያ ደግሞ የቀንድ አውጣ እንቁላል፣ ያ ቆላ ውስጥ በሩዝ ግንድ ላይ የሚለጠፈው ሮዝ ዘለላ፣ ደርቆ ተለጥፎ ጠበቀን። ተራራችን ላይ ቀንድ አውጣ ሩዝ ማሳ የለውም፤ በእግሩ ወጥቶ ነው እንዳንል እግር የለውም። በወንበሮቹ ሥር በጥቅል በጥቅል አስረው በስጦታ የሰጡን መልካም መዓዛ ያለው የፓንዳን ቅጠልም ምን ዓይነት ሽታ ሲሸፍን እንደከረመ የገባን የዚያን ዕለት ነው። ጡረተኛዋ አስተማሪ እስከ ደረቷ በውሃ ተከባ መሪ ሳትለቅ የኖረች ጀግና ናትና፣ ጤንነቷን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ። ይህ ስለ ዋስትናው ነው።

መኪናዋን የተረከብንበትን ቀን ያስታውሳሉ። ዕለቱን በኮከብ ቆጣሪ አስመርጠው፣ መነኩሴውን በራስዎ መኪና አስመጥተው፣ «ምርቃቱ ከድንኳናችን የተበረከተ ነጻ ስጦታ ነው» ብለው አስመረቁልን። መነኩሴው ከሾፌሩ ራስ በላይ ጣራው ላይ የበረከት ምልክት የሆኑትን ነጭ ነጥቦች ቀቡ፣ መሪው ላይ ክር አሰሩ፣ በጭራሮ ጥቅል የምርቃት ውሃ ረጩ። እርስዎም ከኋላቸው እጅዎን አጋጥመው ቆመው፣ «የተከበሩ አባት፣ በሞተሩ በኩልም ትንሽ ይጨምሩልን፤ ይሄ ወንድሜ የሚኖረው ተራራ ላይ ነው» ሲሉ በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር። ፎቶው ዛሬም ድንኳንዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እኔና ቡዋላይ ርሰናል፣ እርስዎ ደረቅ ነዎት።

ዋስትናው የሞተርና የካምቢዮ ነው፤ አንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱም አልሞላም። ጭቃውን በላስቲክ ቋጥሬ፣ ወረቀቱን ይዤ መጣሁ። እርስዎ መነጽርዎን አደረጉ፣ መነጽርዎን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉና አንዲት መስመር ላይ በጣትዎ መታ መታ አደረጉ።

«‹በማንኛውም ዓይነት ውሃ የደረሰ ጉዳት በዋስትናው አይሸፈንም።› አየህ? ያንተ ፊርማ ነው ከሥሩ ያለው።»

«ጥሩ፤ እንግዲያው ጎርፍ የበላትን መኪና ነው የሸጡልኝ።»

«የምን ጎርፍ? መኪናዋ ከዚህ ስትወጣ ደረቅ ነበረች። ውሃ የገባት የተረከብክ ቀን ነው።»

«የተረከብኩ ቀን እኮ ዝናብ አልነበረም፣ ሲያ።»

«ዝናብ ማን አለህ? መነኩሴው አልረጩም?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልቀለዱም።

«እሱ እኮ የምርቃት ውሃ ነው!»

«እና የምርቃት ውሃ ውሃ አይደለም? ‹ማንኛውም ዓይነት› ይላል። እኔ ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ፣ በውሃና በውሃ መካከል አላዳላም።»

«ያስረጩትስ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ስጦታ ነዋ! ሰው ስጦታ ተቀብሎ ያጉረመርማል? ምርቃቱ ያንተ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ። ውሃውም ያንተ።»

ክቡር ሆይ፣ ከልቤ አደነቅሁዎ። ዋስትና በትንንሽ ፊደል የሚሽር ነጋዴ አይቻለሁ፣ ስልኩን በማጥፋት የሚሽርም አይቻለሁ፤ በአበባ ጉንጉን፣ በጸሎትና በፎቶ የሻረ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። ከሁሉ የሚገርመኝ ጥበቡ ነው። ውሃው አይደለም ያበላሸው ብል መኪናዋ በምን ተበላሸች ይሉኛል፤ ውሃው ነው ብል ቅዱስ ውሃ ሰደብክ ይለኛል አገሩ። ወሬው ከእኔ በፊት ተራራውን ወጥቶ ስለጠበቀኝ፣ አማቴ «መነኩሴ ከሰስክ አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ እራት ሳታቀርብልኝ ተኛች።

እኔም ወደ መነኩሴው ሄጄ፣ ተንበርክኬ፣ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አዛውንቱ የምርቃት ሳህናቸውን አስመጡና ፊቴ አስቀመጡት። ሾርባ ቢጠጡበት የማያጠግብ ሳህን ነው።

«ልጄ፣ እኔ የረጨሁት ጣራውን ነው» አሉ። «የቀበቶውን ጉድጓድ ማን ሞላው? ስለ ቀንድ አውጣውም ቢሆን፣ ውሃዬ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አይቼ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሱን ነበር የማወጣው።»

ሳቅሁ፤ እርሳቸው አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚያ ድንኳን ውስጥ ስንቱን መኪና መረቅሁ መሰለህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ ከእኔ መኪና አልፎ ሄደ። ድንኳንዎ ግድግዳ ላይ የራሰ ሰው ፎቶ የእኔ ብቻ አይደለምና።

አምስተኛ። ይህን ቅሬታ ባለቤቴ «እሱን እንኳ ተወው፣ ያፍራል» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ያፍራሉ ብዬ ስላላመንኩ ጻፍኩት።

ለመጨረሻው ምርመራ በእግረኛ ፍጥነት እየተጎተትን በወረድንበት ቀን፣ ቡዋላይን ከኋላ እንዳስቀመጥኩ ድንኳንዎ በር ላይ ቆምኩ። ሰማዩ ያካፋ ነበር። መኪናዋ ምንም አልሆነችም ካሉ እርስዎ ይንዱን፣ እስከ መንፈሶቹ ጎጆ ወጥተን እንውረድ ብዬ ለመንኩዎ። በድፍረት ተነሱ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የበሩን እጀታ ከመያዝዎ በፊት አንገትዎ ላይ ያሉትን ክታቦች ያዙ። ከዚያ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ጉልበትዎን ያምዎት ጀመር።

«ሲያ፣ ከኋላ ይግቡ፤ ቦታ አለ» አለችዎት ባለቤቴ። «ድንጋዩን አነሳልዎታለሁ።»

«አይ፣ አይ፣ ታናሽ እህቴ፣ እናንተ ቅደሙ፤ እኔ በራሴ መኪና እከተላለሁ።»

«እሱም ጥሩ ነው። ገደል ስንገባ ቦታውን ለነፍስ አድኖቹ የሚያሳይልን ሰው ያስፈልገናል።»

ድንኳኑ ውስጥ መኪና ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ሳቁ። እርስዎ አልሳቁም፤ ፊትዎ አመድ መሰለ። ክቡር ሆይ፣ ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የማገኘው ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውዬው ራሱ ተታሎ ገዝቶ ይሆናል፣ አያውቅ ይሆናል የምትል አንዲት ተስፋ ነበረችኝ። ያን ዕለት እሷንም ወሰዱብኝ። ሳያውቅ የጎዳኝን ሰው እሳደባለሁ፣ ይወጣልኛል። እያወቀ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያቀረበልኝ፣ ታናሽ ወንድሜ እያለኝ የጎዳኝን ሰው ግን እፈራዋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ገንዘቤን አይደለም፤ እሱን ልጄ አድጎ ይጠይቅዎ። የምለምንዎ ከድንኳንዎ አንዲት ደረቅ መኪና እስክንወልድ ድረስ እንዲያውሱን ነው። አሮጌ ትሁን፣ አስቀያሚ ትሁን፣ በሯ በሽቦ የታሰረ ይሁን፤ ዝናብ ውስጥ ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ አይሙት እንጂ ሌላ ነገር አልመርጥም። ያልተመረቀች ብትሆን ግን ውለታዎን አልረሳም።

ይህ ደብዳቤ ነገ ጠዋት ከጎመን ዋጋ ቀጥሎ በመንደራችን ድምፅ ማጉያ ይነበባል፤ ቅጂውም ገበያው መግቢያ ላይ ይለጠፋል። ከ«ሦስት ዝሆን» መኪና የገዛ ወንድምና እህት ሁሉ፣ ዛሬውኑ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ እንዲያይ በዚሁ አጋጣሚ አሳስባለሁ። ለድካምዎ፣ ለቀዝቃዛው ውሃ፣ ለፎቶው፣ ለፓንዳን ቅጠሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕይወቴ ሙሉ ካደረስኩት ጸሎት የሚበልጠውን በአንድ የዝናብ ወቅት ስላስጸለዩኝ፣ እጄን አጋጥሜ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ እግሬን ግን ከፍሬኑ ላይ ሳላነሳ የማመሰግንዎ፣

ትሑት ደንበኛዎ
ታዊ፣ ከፓ ሞክ መንደር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፈርሜ ሳበቃ ቡዋላይ ከጓዳ ጠራችኝ። ጀምሯታል። ልጁ አልዞረም። ገና ከቀትር በኋላ ስለሆነ አጎት ሙን ታች ነው። ነፍስ አድኖቹ ስልኩን አንስተው፣ «ሁለቱም መኪኖቻችን ሌላ ሸለቆ ውስጥ ናቸው፤ ከቻላችሁ ውረዱ፣ መንገድ ላይ እንገናኝ» ብለውናል። ዝናቡ ጥሏል። ደብዳቤውን አማቴ ትረከበኛለች፤ ነገ እኔ ባልኖር እሷ ታነበዋለች፤ ድምፅ ማጉያ እንኳ አያስፈልጋትም። የዋስትናው የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ጉድለት ያለበት መኪና ከመንቀሳቀሱ በፊት ደንበኛው ለሻጩ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት የሚል አንቀጽ አግኝቻለሁ። እኔም ሕግ አክባሪ ደንበኛ ነኝና ይኸው አሳወቅሁ። መነሻ፦ ፓ ሞክ። መድረሻ፦ የከተማው ሆስፒታል። ተሳፋሪዎች፦ ስንነሳ ሁለት። ስንደርስ ሦስት ከሆንን የምሥራቹን እልክልዎታለሁ። ከሁለት ካነስን ግን፣ ያ በየትኛው አንቀጽ እንደሚሸፈን ከአሁኑ ፈልገው ይጠብቁ።